አያስፈልገንም አሉ

ተይጃኒ በሐምሌ ተገደለ፤ እናቱ መኑቢያ በመስከረም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በወደብ ከተማዋ ቢዘርት ውስጥ ይህን ያልሰማ አልነበረም። "ምን ታድርግ፣ የምታሳድጋት ሴት ልጅ አለቻት" ያሉ ነበሩ። በዓሣ ተራ በኩል ስታልፍ ግን ጎረቤቷ በያ ሆን ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "እነሱ ልጇ ላይ ተኮሱ፤ እሷ ደግሞ ሸሚዛቸውን ትተኩሳለች" አለች። ሴቶቹ ሳቁ፤ ወዲያው በሳቃቸው አፈሩ። መኑቢያ ሰምታለች። የነጭ ኩታዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ መንገዷን ቀጠለች። የተባለው እውነት ነው። ደግሞም አላመማትም። ከሐምሌ ወዲህ የሚያማት ነገር ጠፍቶ ነበር።

የምትሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ባለው የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንኖች ሰፈር፣ በካፒቴን ቬርዲየ ቤት ነው። ባሏን ከነጀልባው ባሕር ከወሰደባት ጀምሮ እያጠበችና እየተኮሰች ነበር ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው። አገሩ ነጻ ከወጣ አምስት ዓመት አልፎታል። ባንዲራው ተቀይሯል፣ ፖሊሱ ተቀይሯል፣ የየመንገዱ ስም ተቀይሯል፤ የፈረንሳይ ጦር ግን ከቢዘርት ንቅንቅ አላለም። ሐይቁ የእነሱ ነው፤ ከሐይቁ ወደ ባሕር የሚያወጣው ቦይ የእነሱ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም የእነሱ። መኑቢያ ከልጅነቷ ጀምሮ እነዚያን ግራጫ መርከቦች ስታይ ስለኖረች እንደ ተራራ ለምዳቸው ነበር። ተራራን ማን አመጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ያን ዓመት ሙቀቱ ሲበረታ ፕሬዚዳንቱ በሬዲዮ "ይውጡልን" አሉ። ከየአውራጃው በጭነት መኪና እየተጫኑ ወጣቶች ይመጡ ጀመር፤ ከተማው በዘፈንና በመፈክር ተሞላ። የመኑቢያ ዋርሳ ሸዝሊ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ በፕሬዚዳንቱ ፓርቲ የሰፈር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስሙ የሚጠራ ሰው ነበር። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ድምፁ ሰልሏል። አመሻሹ ላይ መጣና ግቢያቸው መካከል ቆመ።

"ተይጃኒ፣ ስምህን ሰጥቻለሁ። ነገ ጠዋት ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ወደ ጦር ሰፈሩ በር ትወጣለህ።"

"ጠመንጃ ይሰጡኛል አጎቴ?"

"አካፋ ነው የሚሰጡህ። መንገዱን ቆፍረን እንዘጋባቸዋለን።"

"በል እንግዲህ! አንድ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው እስኪያልቁ ቁጭ ብለን እንጠብቃቸዋለን" አለና ተይጃኒ ሳቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በአሮጌው ወደብ ጀልባ ይቀባል፤ ቀልድ ሳይጨምርበት የሚናገረው ነገር የለም። አባቱ የተወለትን ሱሪ፣ ወገቡ ስለሚሰፋው፣ በመረብ ገመድ አስሮ ነው የሚለብሰው።

መኑቢያ ከምድጃው ቀና ብላ እንደ ወትሮው በአክብሮት ጠራችው። "ሲ ሸዝሊ፣ በባዶ እጁ ነው የምትወስደው?"

"ባዶ እጅ ነው ጉልበቱ፣ የወንድሜ ሚስት። ዓለም እያየ በሰላማዊ ሰው ላይ ይተኩሳሉ? አይተኩሱም።"

"አንተስ አብረኸው ትሄዳለህ?"

"እኔ ከሄድኩ ሰዉን ማን ያስተባብራል?"

ተይጃኒ በመሃላቸው ገባ። "እማ፣ አታስቢ። ካፒቴንሽን ካገኘሁት፣ እናቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምትለፋበት ሸሚዝህ እንዳይቆሽሽ ጉድጓዱን ዙረህ እለፍ እለዋለሁ።"

በማግስቱ ሄደ። ፈረንሳዮቹም ተኮሱ።

መጀመሪያ ከሰማይ አየር ወለድ ወታደሮች ወረዱ፤ ቀጥሎ መርከቦቹ ቦዩን ሰብረው ገቡ፤ ከዚያ ታንኩ ወደ ከተማው ዘለቀ። መኑቢያና አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጇ ዳሌንዳ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ሰነበቱ። ተኩሱ ቆሞ ሰው ወደ ውጭ መውጣት ሲጀምር ሬሳዎቹ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተደርድረዋል አሏት። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ፊት አይለይም። እሷ ግን የመረቡን ገመድ አየች። "ይሄ የእኔ ነው" አለች፣ ገበያ ላይ የጠፋባትን ቅርጫት እንዳገኘች ሴት።

ሴቶቹ ቤቷን ሞልተው ሲጮኹ፣ ፊታቸውን ሲቧጩ፣ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስለ መስኮቱ ታስብ ነበር። ማን ከፈተው? አቧራ ያስገባል። አንዷ አክስት ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት። "አልቅሺ እንጂ! ካላለቀስሽ ይገድልሻል!" ብትላት፣ "እሺ፣ አለቅሳለሁ" አለቻት። አላለቀሰችም። አልከለከለችውም፤ እንባው ነው ያልመጣው። ሸዝሊ ከወንዶቹ ጋር አስከሬኑን ተሸክሞ ሄደ፤ ተመልሶ ሲመጣ ከደጅ ቆሞ "የሸሂድ፣ የሰማዕት እናት ነሽ" አላት። ዓይኗን ግን አላየም።

በመስከረም የካፒቴኑ ሚስት ማዳም ሶላንዥ በሾፌሯ በኩል መልእክት ላከችባት። መኑቢያ ተነስታ ሄደች። በሩ ላይ ያለው ወታደር ቅርጫቷን በረበረ፤ ድሮ አይበረብርም ነበር። ማዳም ስታያት ተንደርድራ አቀፈቻትና አንገቷ ስር ተወሽቃ አለቀሰች።

"ሰማሁ፣ መኑቢያ፣ ሰማሁ። የኔ ምስኪን!"

መኑቢያ ጀርባዋን እያሻሸች አባበለቻት። በትከሻዋ በኩል ወንበር ላይ የተከመረውን ልብስ አየችው። የሁለት ወር ነው። እስከ ማታም አያልቅ ብላ አሰበች።

ካፒቴኑ ራት ላይ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሥራው የቦዩን ጥልቀትና የመርከቦቹን መግቢያ መቆጣጠር ነው። ኮፍያውን አውልቆ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

"በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ አልነበርኩም" አላት። "ይህን እንድታውቂልኝ ብዬ ነው።"

"እሺ ሙሲዩ" አለች። ነበርክ ወይ ብላ አልጠየቀችውም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ጠዋት ትሄዳለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ካውያው አንጓዋን ነክቷት ቆዳዋ እስኪላጥ ድረስ አላወቀችውም፤ ማዳም ጮኻ ቀዝቃዛ ውሃ ስር ያዘችላት። ቤት ስትገባ ዳሌንዳ የሠራችውን ትበላለች። በርበሬው አያቃጥላትም፤ ጨው በዝቶበት እንደሆን አትለይም። ልጅቱ ይህን አውቃ አንዳንዴ ሆን ብላ ጨው ሳትጨምር ታቀርብላታለች፤ እናቷ ጥርግ አድርጋ ትበላና "እጅሽ ይባረክ" ትላታለች።

አንድ የክረምት ምሽት ዳሌንዳ ደብተሯን ዘግታ፣ "እማ፣ ጠይቂያቸው እስቲ" አለቻት።

"ምኑን?"

"ለምን አገራቸው እንደማይገቡ።"

መኑቢያ ጥያቄው ለራሷ መጥቶላት አያውቅም። ልጇ ጠይቂ ስላለቻት ብቻ በማግስቱ ጠየቀች። ካፒቴኑ ጉንፋን ይዞት ቤት ውሎ ነበርና ወጥ ቤት ገብቶ ሎሚ በሙቅ ውሃ ይጠጣል።

"ሙሲዩ፣ ለምንድን ነው አገራችሁ የማትገቡት?"

ካፒቴኑ ቀና ብሎ አያት። ተናዶ አልነበረም፤ እንዲያውም ሲጠብቀው የቆየ ጥያቄ ይመስል ነበር። የጨው ዕቃውን አንስቶ ጠረጴዛው መሃል አኖረው።

"ይህ ባሕር ወገብ አለው" አላት። "በዚህ በኩል ሲሲሊ፣ በዚህ በኩል እናንተ። ወገቡን የያዘ ሰው ባሕሩን ያዘ። አሁን ዓለም ጥሩ አይደለም፤ ሩሲያኖቹና አሜሪካኖቹ በርሊን ላይ ተፋጠዋል። ነገ ጦርነት ቢነሳ እዚህ ካልተቀመጥን ማርሴይ ላይ፣ ቱሎን ላይ ቦምብ ይወርዳል። ልጄ ቱሎን ነው የሚማረው። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"እናንተ ላይ ክፋት የለንም። እኔ ይህን ከተማ እወደዋለሁ። ግን አገር እንደ ሰው አይደለችም መኑቢያ። አገር ይሉኝታ የላትም። ጥቅሟን ነው የምታየው፤ ጥቅሟን ካላየች ልጆቿን ታስበላለች።"

መኑቢያ ትንሽ አሰበች። "የእኛም አገር እንዲህ ናት?"

"የእናንተም" አለ ካፒቴኑ። "ሁሉም።"

"እስከ መቼ ትቆያላችሁ ታዲያ?"

"ዓለም እስኪረጋጋ።"

"እሺ ሙሲዩ" አለች። ማታ ለዳሌንዳ እንዲሁ ነገረቻት። ልጅቱ ፊቷ ቀልቶ፣ "እና እሺ አልሻቸው?" አለቻት። "ታዲያ ምን ልበል?" አለች እናቷ፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችው። ዳሌንዳ ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ሸዝሊ ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ ብቅ ይላል። ዓሣ ወይም ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ተቀምጦም ያንኑ ነገር ይጀምራል።

"ከዚያ ቤት ውጪ፣ የወንድሜ ሚስት። ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። እኔም የፓርቲ ሰው ነኝ፣ ስም አለኝ።"

"ሌላ ሥራ አግኝልኝና እወጣለሁ።"

"የልብስ ስፌት ማኅበር ሊከፈት ነው ተብሏል።"

"ሲከፈት ንገረኝ።"

ማኅበሩ አልተከፈተም። በአንደኛው ዓርብ፣ ሸዝሊ እንደ ልማዱ ሲገስጻት፣ መኑቢያ ዓሣውን እየጠረገች ድንገት፣ "ሲ ሸዝሊ፣ ለምን ነበር በባዶ እጃቸው የላካችኋቸው?" አለችው።

"ነግሬሽ የለ? ዓለም እንዲያየን። ያለ መሣሪያ የቆመን ሕዝብ ሲጨፈጭፉ ዓለም ያያል። የአገር ጥቅም የጠየቀው ይህን ነው።"

"አየ?"

"ማን?"

"ዓለም።"

"አየ እንጂ! ኒው ዮርክ ላይ መንግሥታት ሁሉ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡልን። አንድ እንኳ የተቃወመ አልነበረም።"

"እና?"

"እና ምን? ድምፅ ሰጡ አልኩሽ እኮ!"

መኑቢያ ራሷን ነቀነቀች። የዓሣውን አንጀት አውጥታ ለድመት ወረወረችው። ሸዝሊ ቀድሞ ሁለት ጊዜ የሚደገምለትን ሻይ ያን ቀን አንድ ጊዜ ጠጥቶ ሄደ።

በዚህ መሃል ሁለት ሐምሌ አለፈ። በበርሊን ጉዳይ ጦርነት አልተነሳም። ፈረንሳዮቹ ከተማውን ለቀው ወደ አጥራቸው ተሰበሰቡ፤ ከአጥሩ ግን አልወጡም። ሰዉም መልሶ ለመዳቸው። በያ እንኳ መሳለቋን ተወች፤ አንድ ቀን እንዲያውም፣ "የማዳምሽ ሰዎች የማይፈልጉት መጋረጃ ካለ አስቢኝ" ብላ መኑቢያን በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

ከዚያ ሁለተኛው ሐምሌ እንዳለፈ መኑቢያ ጠዋት ስትገባ ኮሪደሩ በእንጨት ሣጥን ተሞልቶ አገኘችው። ማዳም ሶላንዥ ሳህኖቹን በጋዜጣ ትጠቀልላለች፤ ደስ ያላትም ያዘነችም አትመስልም፤ ላብ አጥምቋታል። መኑቢያ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ካውያዋ ሄደች። ከቀትር በኋላ ካፒቴኑ ገባ፤ ወጥ ቤት መጥቶ የበሩን መቃን ተደገፈ።

"ልንሄድ ነው" አላት። "በጥቅምት የመጨረሻው ሰው ይወጣል።"

"ዓለም ተረጋጋ ሙሲዩ?"

ካፒቴኑ ፈገግ ሊል ፈለገና ተወው። "ዓለም እንደነበረው ነው።"

"ታዲያ?"

"አሁን ሌላ መሣሪያ አለን። ለዚህ ወደብ የሚሆን ሥራ የለም። ማስቀመጥ ያለብንን ሌላ ቦታ እናስቀምጣለን።" ትከሻውን ሰበቀ። "አያስፈልገንም።"

መኑቢያ የያዘችውን ሸሚዝ ገለበጠች። ክንዱን ዘረጋች። ካውያውን አሳለፈችበት፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ከዚያ ሳትቸኩል ጠየቀች።

"ይህን መቼ አወቃችሁ?"

"ምኑን?"

"እንደማያስፈልጋችሁ።"

ካፒቴኑ ውሸታም ሰው አልነበረም፤ ቢዋሻት ይቀለው ነበር። "የሚያውቁት ካወቁ ቆይተዋል" አለ። "ያኔም ቢሆን ይታወቅ ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ነበር የተፈለገው። ነገሩ... ተገፍተን ወጣን እንዳይባል ነበር። በጩኸት ከወጣን ነገ ከሌላም ቦታ በጩኸት ያስወጡናል። የአገር ክብርም እኮ ጥቅም ነው።"

"ዝም ተብላችሁ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜም ትወጡ ነበር?"

"እንወጣ ነበር። ምናልባት ከዚህም ቀድመን።"

መኑቢያ ኮሌታውን ቀና አደረገች። ኮሌታ ከሁሉ ይከብዳል፤ ከጫፍ ወደ መሃል ካልተተኮሰ ይጨማደዳል። ከጫፍ ወደ መሃል ተኮሰችው። ከዚያ በሌላው ጫፍ።

"መኑቢያ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ" አላት ካፒቴኑ።

"ይሄኛው ሸሚዝ ቁልፍ ጎድሎታል ሙሲዩ" አለችው።

ማታ ከሐይቁ ዳር ወደ ከተማው በእግሯ ስትመለስ ስለዚህ ነገር ልታስብ ሞከረች። ማሰብ ያለባት ነገር እንደሆነ ታውቃለች። ሌላ እናት ብትሆን መንገድ ላይ ወድቃ አፈር ትበላ ነበር። እሷ ግን ጫማዋ እግሯን ይልጣት እንደነበር ብቻ ነው የምታስታውሰው። አንድ ጊዜ ቆማ ባሕሩን አየች፤ ባሕር ነው። ቀጠለች።

ወሬው ከተማ ውስጥ ሲገባ ግን እልልታ ሆነ። ሸዝሊ ዓርብን አልጠበቀም። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ዘይት ቀብቶ እየሮጠ መጣ።

"ሰማሽ? ሰማሽ የወንድሜ ሚስት? ወጡ! አስወጣናቸው! የተይጃኒ ደም ነው ያስወጣቸው። በበዓሉ ዕለት ከፊት ረድፍ ነው የምትቀመጪው። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው እጅሽን ይጨብጡሻል፤ ነግሬያቸው ጨርሻለሁ።"

"አያስፈልገንም አሉ" አለች መኑቢያ።

"ምን?"

"ካፒቴኑ ነገረኝ። ወደቡ አያስፈልገንም አለ። ያኔም አያስፈልጋቸውም ነበር። ዝም ቢባሉም ይወጡ ነበር። እንዲያውም ቀድመው።"

የሸዝሊ ፊት ገረጣ። "ውሸት ነው" አለ። "የተሸነፈ ሰው ወሬ ነው! ጅራቱን ሸጉጦ የሚሸሽ ሁሉ ሥራ አለብኝ ብሎ ነው የሚሄደው። አንቺም አምነሽ ትደግሚዋለሽ? በጠላት ቤት ስትውዪ ጠላት ሆንሽ?" ጠረጴዛውን መታ፤ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። "ይህን ነገር ከአፍሽ እንዳታወጪ! ሰምተሻል? ለማንም!"

"ለማን እነግራለሁ" አለች። ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። ሸዝሊ በሩን ከኋላው ወርውሮት ወጣ። ዳሌንዳ ከጓዳ ወጥታ ስብርባሪውን ከእናቷ እጅ ወሰደች፤ የቀረውንም በመጥረጊያ ጠረገች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሸዝሊ ተመለሰ። ያንኑ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የተኛበት ይመስላል። ወደ ውስጥ አልገባም። የደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

"እስቲ ቃሉን ንገሪኝ" አላት። "እንዴት ብሎ ነው ያለው? አንዱንም ሳታስቀሪ።"

ነገረችው። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ተገፍተን ወጣን እንዳይባል ነበር ያለውንም ነገረችው። ሸዝሊ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አዳመጠ። እሷ ተናግራ ስትጨርስ፣

"እኛም እኮ" አለ፣ "እኛም ዝም ብለን ብንቀመጥ ፈሪ እንባል ነበር። ካይሮ ይስቅብናል፤ አልጄሪያኖቹ ፈረንሳይን እየተዋጉ ሲሞቱ እኛ ተኝተናል ይባላል። አለቆቻችን እንዲያ ነበር ያሉን። ለአገር ይበጃል አሉን።" አንገቱን ቀና ሳያደርግ ጨመረ፤ "ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች መኑቢያ።

"አንድ ቀን እንኳ አልሰደብሽኝም።"

"ምን ብዬ?"

"እንጃ። አንድ ነገር። የፈለግሽውን።"

ልትሰድበው ፈለገች። እውነቷን ነው፤ ለእሱም ይሻለው እንደነበር አይታለች። ሆዷ ውስጥ ስድብ ፈለገች፤ ቁጣ ፈለገች፤ የጎደለ ማጀት እንደምትፈትሽ ሴት ጥግ ጥጉን ሁሉ አየች። ምንም የለም።

"ሾርባ ሠርቻለሁ። ትበላለህ?" አለችው።

ሸዝሊ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ገባና በላ። እንባው ሾርባው ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር፤ እሱም አልጠረገውም፣ እሷም እንዳላየች ሆና ዳቦ ቆረሰችለት።

ማዳም ሶላንዥ የሄደችው ከመጨረሻዎቹ በፊት ነው። መኪናው ተጭኖ ሲያልቅ ሁለት መጋረጃና አንድ የክረምት ካፖርት ለመኑቢያ ሰጠቻት። ከዚያ እጇን ይዛ፣ "መኑቢያ፣ ይቅር በይን" አለቻት።

ይቅር ማለት ቁጣ የነበረው ሰው ሥራ ነው። መኑቢያ የምትሰጠው ይቅርታ ስላልነበራት፣ "መንገዱ ይቅናችሁ፣ ማዳም። አላህ ልጅዎን ያሳድግልዎ" አለቻት። ማዳም እያለቀሰች መኪና ውስጥ ገባች። መኑቢያ መጋረጃዎቹን ለበያ ሰጠቻት።

በጥቅምት የመጨረሻዋ መርከብ የምትወጣበት ቀን ከተማው እንዳለ ወደ ቦዩ ዳር ወረደ። ሱቅ ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ሽማግሌዎች በልጆቻቸው ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው መጥተዋል። ለመኑቢያ የተመደበላት ወንበር ከፊት ነበር፤ እሷ ግን ከዳሌንዳ ጋር ከኋላ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ግንብ ስር ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ሸዝሊ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። እሱም ወንበር ነበረው።

"አንተ ከሰዎችህ ጋር አትቀመጥም?" አለችው።

"እዚህም ይታያል" አላት።

በያ ከሩቅ አየቻቸውና ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች መጣች። የመኑቢያን እጅ ይዛ ወደ ላይ አነሳችው። "መንገድ ልቀቁ! የሸሂድ እናት ናት! የተይጃኒ እናት!" እያለች ጮኸች። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰዉ ዞር ብሎ አያት፤ አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ትከሻዋን ሳመ። መኑቢያ እጇ እንደተሰቀለ ቆመች፤ በያ ስትለቅላት ወረደ።

ግራጫዋ መርከብ ቀስ ብላ በቦዩ አለፈች። መርከበኞቹ ጠርዙ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከሩቅ ፊታቸው አይለይም። ካፒቴኑ ከመካከላቸው ይኑር አይኑር አላወቀችም፤ አልፈለገችውም። መርከቧ ከግንቡ አልፋ ወደ ሰፊው ባሕር ስትወጣ ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ጮኸ፤ ከፊት የተቀመጡት እንግዶች አጨበጨቡ፤ መዝሙሩ ተጀመረ። ሸዝሊ አጠገቧ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። የአገሩ ሰው በደስታ ያለቀሰ መስሎት እያቀፈ ይስመው ነበር።

"ሄዱ" አላት፣ ትንፋሹን ሲያገኝ።

"ሄዱ" አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዳሌንዳ ክንዷን ያዘቻት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ እናቷን ደርሷል። "እማ፣ ደስ ብሎሻል?" አለቻት።

መኑቢያ ቆማ አሰበችበት። ልጅቱ የጠየቀችው ጨዋታ ስላልነበረ በደፈናው ልትመልስላት አልፈለገችም። ሰዉ ጎን ለጎናቸው እየዘፈነ ያልፋል።

"ርቦኛል" አለች በመጨረሻ።

ከመንገድ ዳር የተጠበሰ ሰርዲን ገዝተው ግንብ ላይ ተቀምጠው በጋዜጣ ላይ በሉ። ዳሌንዳ እሾሁን እየለቀመች ሥጋውን ወደ እናቷ ትገፋ ነበር።

በማግስቱ መኑቢያ በልማዷ ሰዓት ተነሳች። ኩታዋን ለበሰች፣ ቅርጫቷን አነሳች፣ በሩ ጋ ደረሰች፤ ያኔ ነው የምትሄድበት እንደሌለ የገባት። ቅርጫቱን ይዛ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ያን ሳምንት በሙሉ ጠዋት ጠዋት እዚያው ትቀመጥ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው በአክብሮት ሰላም ይላታል። ሸዝሊ ሰዎች ለምኖ በከተማው ሆስፒታል እጥበት ክፍል አስገባት፤ ራሱ ከጽሕፈት ቤቱ የወጣውም በዚያው ሰሞን ነው፤ ምክንያቱን የጠየቀው ሁሉ ወገቤን ያመኛል የሚል መልስ ነበር የሚያገኘው።

በሆስፒታሉ የሚታጠበው አንሶላ ነው። ሙሉ ቀን አንሶላ ይመጣል፤ አንሶላ ይሄዳል። ከእሷ ጋር የምትሠራው ሴት በመጀመሪያው ቀን፣ "ይከብድሻል እህቴ፣ ክምሩ አያልቅም" ብላ አዘነችላት።

"ኧረ አይከብድም" አለቻት መኑቢያ። "ኮሌታ የለውም።"